ፊቴ ቆሻሻ አልነበረም

ዛሬ ጠዋት አገጬ ላይ አንዲት ብጉር ወጣች። ቀይ፣ ጠጣር፣ ገና ሳልነካት የምታም። የወር አበባዬ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁሌም እዚያችው ቦታ ላይ ነው የምትወጣው። ቀጠሮ ያላት ነው የምትመስለው። እጄ ሳላስበው ወደ አገጬ ሄደ። መለስኩት።

31 ዓመቴ ነው። «ስታድጊ ይጠፋል» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። አደግኩ፤ ብጉሩም አብሮኝ አደገ።

ለዓመታት ጥፋቱ የንጽሕና ጉድለት ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ታጠብኩ። በቀን አምስቴ፣ ስድስቴ፣ ባገኘሁት ሳሙና ሁሉ፣ ፊቴ ተወጥሮ መሳቅ እስኪያቅተኝ ድረስ። አፍንጫዬ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች በሻካራ ፎጣ ፈተግኳቸው። ይህን ሁሉ ለቆዳ ሐኪሟ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም» አሉኝ። «ቀዳዳውን የደፈነው ወዝና የሞተ ቆዳ አየር ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው። ብትፈትጊው ታቆስዪዋለሽ እንጂ አይለቅልሽም።»

ከዚያ ወረቀት ሳቡና ሳሉልኝ። ጠባብ ቱቦ፣ መሐሉ ላይ አንድ ፀጉር፣ ጎኑ ላይ ወዝ የሚያመነጭ እጢ። አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች እጢውን ሲቀሰቅሱት ወዙ ይበዛል። መርገፍ የነበረበት የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ይጣበቅና አፉን ይደፍነዋል። ማንኛችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ደግሞ እዚያ ታፍኖ ይራባል። ሰውነት ሲዋጋው መቅላቱ፣ ማበጡ፣ መግሉ ይከተላል። በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ የማያት ብጉር ውስጥ ውስጡን የተጀመረችው ከሳምንታት በፊት ነው። እኔ እኮ ሁልጊዜ የምከሰው የትናንትናውን ቀን ነበር!

ስለ እጄ ላውራ። አንድ ጊዜ ነገ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ፣ ዛሬ ማታ ጉንጬ ላይ ነጭ አናት ያላት ብጉር አለች። መስታወቱ ላይ ተለጠፍኩ። በሁለት ጥፍር ጨመቅኳት። መጀመሪያ መግል፣ ቀጥሎ ደም፣ በመጨረሻ ውሃ የመሰለ ነገር። እሱም አልበቃኝም፤ «ሥሩ አልወጣም» ብዬ ደገምኩ። ዝም ብላት በሳምንት ትከስም የነበረች ነገር ጠይም ፊቴ ላይ ስምንት ወር የቆየ ጥቁር ምልክት ትታልኝ ሄደች። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያመነጫል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ምልክቱ ይበልጥ ይጎላል፣ ቶሎም አይለቅም።

ምልክቱን ለማጥፋት ብዬ የሠራሁት ስህተት ከዚያም ይብሳል። አንዲት ጓደኛዬ የሰጠችኝን ክሬም ተቀባሁ። ፊቴ ባንዴ ጠራ። ደስ አለኝ። ስተወው ግን ፊቴ በሙሉ ተንቸፈቸፈ። ለካ ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ያለበት ነው፤ የክሬሙ ቱቦ ላይ «ቤታሜታዞን» የሚል የስቴሮይድ ስም ተጽፏል። አንብቤው አላውቅም ነበር።

አሁን የማደርገው ትንሽ ነው። ጠዋትና ማታ ለስላሳ መታጠቢያ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ማለስለሻ። ጠዋት 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ባክቴሪያውን የሚገድል ቅባት፣ ከላዩ የፀሐይ መከላከያ። ማታ አተር የምታክል አዳፓሊን፣ ማለትም ቀዳዳው እንዳይደፈን የሚያደርግ ቅባት፣ ብጉሯ ላይ ብቻ ሳይሆን ፊቴን በሙሉ፤ ገና ያልታዩት እንዳይወጡ። (ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አዳፓሊን አትጠቀምም፤ ሐኪሟን ትጠይቅ።) በሦስተኛው ሳምንት ፊቴ ተላጠ፣ ብጉሩም ባሰ። ልጥለው ነበር። ሐኪሟ 12 ሳምንት ታገሺ ብለውኝ ስለነበር የቀን መቁጠሪያ ላይ እየሰረዝኩ ቆጠርኩ። በአሥረኛው ገደማ ግንባሬ ለሰለሰ። ሐምራዊ ፎጣዬ ግን አልተረፈም፤ ቤንዞይሉ ነጭ በነጭ አድርጎታል። አሁን ነጭ ፎጣ ነው የምጠቀመው።

ጥልቅ፣ የሚያም እባጭ የሚያወጣ ሰው ግን ቤት ውስጥ እየሞከረ ጊዜ ባያባክን ይሻለዋል። ጠባሳ ከገባ በኋላ ማስለቀቁ ሌላ ጣጣ ነው።

ማታ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። 14 ዓመቷ ነው። «አክስቴ፣ የጥርስ ሳሙና ልቀባበት?» አለችኝ። ስለ ሆርሞኑም፣ ስለ ቱቦውም፣ ስለ 12 ሳምንቱም ልተነትንላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«የጥርስ ሳሙናውን ለጥርስሽ ተይው፤ ቆዳሽን ያቃጥለዋል። አሁን እጅሽ የት ነው ያለው?» አልኳት።

ሳቀች። «ግንባሬ ላይ።»

የኔ አገጬ ላይ ነበር።