ባለቤቱ አሜሪካ ነው ያለው

በመኪና ግዢ እኔን የሚያታልል ደላላ ገና አልተወለደም ብዬ አምን ነበር። ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አንዲት ብርማ ቪትዝ አየሁ። የ2002 ሞዴል፣ ኮድ 2፣ «ሞተሯ ያልተፈታ፣ ሐኪም የያዛት» ይላል ማስታወቂያው። (ሐኪም የያዛት መኪና ለምን እንደምትመረጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ታማለች ማለት አይደለም?) ዋጋዋ ከገበያው 200 ሺህ ብር ያህል ዝቅ ይላል። ስደውል ደላላው «ባለቤቱ አሜሪካ ነው ያለው፤ ቶሎ ይሸጥልኝ ብሎ ነው። ሌላ ሰው ሳይቀድምዎት 20 ሺህ ቀብድ ይላኩ» አለኝ። ሳላያት አምስት ሳንቲም አልልክም ብዬ ሳሪስ ተቀጣጠርን።

ከቤት ስወጣ ፍሪጃችን ላይ ካሉት ማግኔቶች እንጆሪ የምትመስለውን ኪሴ ከተትኩ። ማግኔት ላሜራ ይይዛል፤ ስቱኮ አይይዝም። ቦኔቷ ላይ ጥብቅ አለች፤ የፊት በር ላይም ጥብቅ። የግራው የኋላ በር ላይ ስደርስ እንጆሪዋ ተንሸራታ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ደግሜ አስጠጋኋት፤ ደግማ ወደቀች።

«ይህ በር እኮ ግማሹ ስቱኮ ነው!»

ደላላው አንገቱን ነቀነቀ። «የድሮው ባለቤት መንዳት አይችልም ነበር አሉ። የገዛ ግቢውን በር ነው የገጨው።»

«እንዲህ ዓይነቱንማ መንጃ ፈቃዱን መንጠቅ ነበር» አልኩ።

ኪሎ ሜትሯ 94 ሺህ ይላል፤ መሪው ግን በእጅ ብዛት እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟል። የሰሌዳ ቁጥሩ ደግሞ የሆነ ዘመዴን ስልክ ያስታውሰኛል፤ ቁጥር ላይ ድሮም ደካማ ነኝ።

በመጨረሻ ሊብሬውን ተቀበልኩ። የሻንሲ ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ከታተመው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። የሞተሩም ልክ ነው። ቀለም በሚለው ቦታ ግን «አረንጓዴ» ተብሏል።

«ፀሐይ መትቷት ነው» አለ ደላላው።

ቀጥሎ የባለቤቱ ስም። አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ስሜ ነው፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።

ከሦስት ዓመት በፊት አረንጓዴ ቪትዜን ስሸጥ ገዢው «ስሙን ነገ አዛውራለሁ» ስላለኝ ውክልና ሰጥቼው ነበር። ነገ ገና አልደረሰም። ያን ጊዜ 210 ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድታለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደኋላ ስትነዳ ከርማ መሆን አለበት። የተገጨው በር የእኔ ግቢ በር ነው። ስቱኮውንም ያስሞላሁት እኔ ነኝ፤ ለገዢው ግን «ዝንብ አላረፈባትም» ብዬው ነበር።

«ባለቤቱ አሜሪካ ነው አላልከኝም?»

«አዎ፣ ሜሪላንድ።»

መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ሊብሬውን አየ፣ መታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ። የደነገጠው ለአፍታ ብቻ ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣» አለኝ፣ «ለእርስዎማ 20 ሺህ እንቀንሳለን።»