የደረቀው ሸምበቆ ይቁም

የኩሬው ዳር ሸምበቆ ግማሹ ደርቆ ገርጥቷል። መጥቶ ያየው ሁሉ «ይሄ ነገር አይታጨድም?» ይላል። እኔ ይቁም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው።

ሸምበቆ የቆመበት ጭቃ አየር የለውም። ሥሩ የሚተነፍሰው ቅጠሉና አገዳው ከላይ በሚያወርዱለት ኦክስጅን ነው። የሚገርመኝ የሞተው አገዳም ከዚህ ሥራ ጡረታ አለመውጣቱ! ነፋስ በረጃጅሞቹ ደረቅ አገዳዎች ስባሪ አፍ ላይ ሲያልፍ የታችኛውን አየር ወደ ላይ ይስበዋል፤ በምትኩ አዲስ አየር በአጫጭሮቹ በኩል ይወርዳል። አገዳው ከውሃው በታች ከተቆረጠ ግን ውሃ ይገባበትና ሥሩ ይታፈናል። ሸምበቆን ማጥፋት የፈለገ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። ዛሬ ጠዋት አንዱ አገዳ ላይ የውሃ ተርብ አውልቆት የሄደ ቅርፊት አገኘሁ። ጀርባው ተሰንጥቆ ነጫጭ ክሮች ወጥተውበታል፤ የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ገለፈት ናቸው። ባለቤቱ በርሮ ሄዷል፣ እግሮቹ ግን አገዳውን እንደጨበጡ ቀርተዋል። የውሃ ተርብ ዕድገቱን ውሃ ውስጥ ጨርሶ ሲወጣ የሚንጠላጠልበት የቆመ ነገር ይፈልጋል፤ ይድረቅ አይድረቅ ግድ የለውም።

ይህን ሁሉ ብዬ ሸምበቆን ለትንሽ ኩሬ አልመክርም። እስከ 4 ሜትር ያድጋል። ጭቃ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ግንዱም ጫፉ ሹል ስለሆነ ውሃ እንዳያሰርግ ከኩሬው ሥር የተነጠፈውን ፕላስቲክ ይበሳል፤ ስለዚህ ወፍራም በርሜል ውስጥ መታሰር አለበት። አፈሩ ፍግ ያልነካው ከባድ አፈር ይሁን፣ አለዚያ ውሃው በአልጌ ይሞላል። ቦታ የሌለው ሰው ቄጠማ ቢተክል ይሻለዋል። (ቄጠማ ሣር አይደለም ለሚለኝ አዋቂ፦ አውቃለሁ፤ የብዙው አገዳ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፣ በጣት አሽከርክሮ መለየት ይቻላል።) ቄጠማ ረግረግ መደብ ላይም ይሆናል፤ ከመደቡ ሥር የሚነጠፈውን ፕላስቲክ ትርፍ ውሃ እንዲወጣ ጥቂት ቦታ በስቶ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር መሙላት ይበቃል።

አገር በቀሉን መምረጥ የሚባለው ደግሞ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰሜን አሜሪካ የራሷ ሸምበቆ አላት፤ ከአውሮፓ የገባው የዚያው ዝርያ ሌላ ዘር ግን አገር በቀሉን ገፍቶ ረግረጉን ወርሷል። በመልክ ለመለየት እንኳ ያስቸግራሉ። ስለዚህ ችግኙ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ አልተክልም።

ማጨዱ አይቀርም፣ ግን አዲሱ ቡቃያ ከመውጣቱ በፊት፣ ከውሃው ከፍ አድርጌ፣ ግማሹን ለሚቀጥለው ዓመት እየተውኩ ነው። የታጨደውን ወዲያው አላርቀውም። አንድ ሁለት ቀን ዳር ላይ ይቆያል፤ ተጣብቆ የወጣ ነፍስ ያለው ነገር ወደ ውሃው ይመለስ።