ከመድረክ ከወረዱ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የስታንድ አፕ፣ ማለትም አንድ ሰው ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሚቀልድበት፣ ምሽት አዘጋጃለሁ። ዝግጅት ማለት ማይክ፣ መብራትና ወንበር ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ኮሜዲያኑ ከመድረክ ከወረደ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታትም እንደ ማይኩ አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው።

ከሁለቱ ሰዓታት በፊት ትርኢቱ ስለሚቀርብበት ክፍል የማነሳው በምክንያት ነው። ጀማሪ የሰማውን ዝምታ ሁሉ በራሱ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርጎ ይወስደዋል፤ ዝምታው ግን ብዙ ጊዜ የወንበር ነው። ሳቅ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል፤ ሰው ተራርቆ ሲቀመጥ አይጋባም። 40 ሰው ከጠበቅሁ 35 ወንበር አጠጋግቼ እዘረጋለሁ፣ የቀረውን ግድግዳ ሥር እደረድራለሁ። የፊተኛው ረድፍ ከመድረኩ ከሁለት ሜትር አይርቅም። ታዳሚው ላይ ያለው መብራት ይጠፋል፤ ፊቱ የሚታይበት ሰው ለመሳቅ ያፍራል። ኮሜዲያን እየተናገረ የማኪያቶ ማሽን አይነካም፣ የወተቱ ጩኸት ልክ ቀልዱ ሊፈነዳ ሲል ይመጣበታል። ትልቅ የእንግሊዝ ኳስ ባለበት ምሽት ፕሮግራም አልይዝም። ለጀማሪ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ አራተኛው ሲሞላ ከኋላ በስልክ መብራት ምልክት እሰጣለሁ።

ከዚያ ምሽቱ የሚመዘገብበት ደብተር አለ። ሦስት ዓምድ አለው፦ ክፍሉ፣ ቀልዱ፣ አቀራረቡ። «እኔ» የሚል ዓምድ የለውም። አንድ ቀልድ በአንድ ምሽት ስለከሸፈ አይሰረዝም፤ በሦስት የተለያዩ ምሽቶች ከከሸፈ እንደገና ይጻፋል። ሥራው በስልክ ይቀዳል፣ ግን በዚያው ሌሊት አይደመጥም። ሌሊት የሚደመጥ ቅጂ ውስጥ ጆሮ የሚለየው ያልተሳቀበትን ቦታ ብቻ ነው። በማግስቱ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ይደመጣል።

አዝማሪን ሳስብ የስታንድ አፕ ብቸኝነት ይበልጥ ይገባኛል። አዝማሪ መሰንቆ አለው፤ ግጥም ሲያልቅበት ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ያቀብለዋል። ኮሜዲያን የሚያቀብለው የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ ጓደኛ እመድብለታለሁ። ጓደኛው በማግስቱ 6 ሰዓት ላይ ይደውላል፤ ስለ ቀልዱ ከማንሳቱ በፊት «በላህ? ተኛህ?» ብሎ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዓታት። ሰውነት ገና አልበረደም፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ አይታሰብም። ብዙዎቹ ከመድረክ በፊት መብላት ስለማይችሉ ትኩስ ሽሮ ይጠብቃቸዋል። ክፍያ በጥሬ ገንዘብ እዚያው ይሰጣል፤ በቢራ መክፈል የሚባለውን ልማድ ፈጽሞ አልቀበልም። ቢራ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን ሌሊቱን እንቅልፉን ይሰባብረዋል። ጫት ለመጻፍ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ እንቅልፍ ነስቶ በማግስቱ ድብርት ያስከትላል፣ ያ ድብርት ደግሞ ከከሸፈው ቀልድ ጋር ይደባለቃል። ቡና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይቅር እላለሁ። ሴት ኮሜዲያን ከሆነች ራይዱ እኛ ፊት ይጠራል፤ ቤት መግባቷን ሳናረጋግጥ አንበተንም።

ስለ ራስ ቁስል መቀለድ ይቻላል፣ ጊዜው ሲደርስ። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ታሪኩን መጀመሪያ ከመድረክ ውጭ ለሚያምኑት ሰው ሦስት ጊዜ ይንገሩት። በሦስተኛውም ድምፅ ከተቆረጠ አልደረሰም። ያልዳነ ነገር ይዞ ወጥቶ ታዳሚ ዝም ሲል፣ ዝምታው የሚያርፈው ቁስሉ ላይ ነው።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ኮሜዲያን ሲያዝን እንደ ሙያው ግዴታ የሚታየውም ከዚሁ ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያንና ተዋናይ ሮቢን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን ሲያጠፋ ብዙ ሰው «የሚያስቅ ሁሉ ውስጡ ያለቅሳል» ብሎ ደመደመ። የአስከሬን ምርመራው ግን ሌዊ ቦዲ የተባለ አንጎልን የሚጎዳ በሽታ አሳየ። በዚያው ዓመት በብሪታንያ የሥነ አእምሮ መጽሔት የወጣው የ523 ኮሜዲያን ጥናትም ከፍ ብለው ያገኛቸው አንዳንድ የስብእና ዝንባሌዎችን ነው፤ ሕመም ነው አላለም። ሐዘን የሙያው ዋጋ ነው ካልን፣ መታከም የሚችል ሰው ሳይታከም ይቀራል።

መጥፎ ምሽት በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። እንቅልፍና ምግብ ሲዛባ፣ የሚወዱት ነገር ሲያስጠላ፣ ተስፋ ሲጠፋ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ሲዘልቅ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሰው ብቻውን አይላክም፣ ጓደኛው አብሮት ይሄዳል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ግን አያቋርጥ። ራስን ስለማጥፋት ጥርጣሬ ካለ በግልጽ ይጠየቃል፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልበትም። «አዎ» ካለ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል።

የሚታከም ሰው ስም ከመድረክ ተረኞች ዝርዝራችን አይወጣም። ሲመለስ 3 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መጀመሪያም መጨረሻም ሳይሆን መሐል ላይ፣ ክፍሉ ከሞቀ በኋላ።