ሰርግ መሃል ቀጥ የሚለው ካሜራዬ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ካሜራዬ ቤት ስሞክረው ምንም አይለውም። ሥራ ላይ ግን ስታክ ያደርጋል። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ወይ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ሹተሩ አይታዘዝም፣ ማጥፊያውን ብታዞሩትም አይጠፋም። ባትሪውን ነቅሎ መመለስ ብቻ ነው የሚያነቃው። ያገለገለ፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ዲ.ኤስ.ኤል.አር ነው። በጥር ሰርግ ብሶበት ከረመ። ዓቢይ ጾም ገብቶ ሰርጉ ሲቆም ነው ረጋ ብዬ መፈተሽ የቻልኩት።

መጀመሪያ ያሳየሁት ጠጋኝ ሳይከፍተው «ቦርዱ ነው» አለኝ። የጠየቀው ዋጋ ሌላ ያገለገለ ካሜራ ለመግዛት ጥቂት የሚቀረው ነበር። እኔን ግን አላሳመነኝም፤ ቦርዱ የሄደ ካሜራ ቤትና ሰርግ አይለይም። ስለዚህ ቀላል ነገር ጀመርኩ። በቆመ ቁጥር ስልኬ ላይ አጭር ማስታወሻ እይዛለሁ፦ ስንተኛው ፎቶ ላይ፣ በየትኛው ሌንስ፣ ዙሙ የት፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ስንት፣ ባትሪው ምን ያህል ቀርቶት። ሙሽራ እየጠበቀ ይህን መጻፍ ያስቀይማል፣ ግን ሁሉንም ነገር የፈታው እሱ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። መቆም የሚመስለው ሁሉ መቆም አይደለም። የራው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፎቶ) ፋይሌ በአማካይ 28 ሜጋባይት ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ 20 ፎቶ ተከታትሎ ቢነሳ 560 ሜጋባይት ካሜራው ጊዜያዊ ማህደር ውስጥ ይከማቻል። ሚሞሪው በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ ከሆነ ያንን ለማራገፍ 28 ሰከንድ ይፈጃል፤ 80 የሚጽፍ ከሆነ 7 ሰከንድ። በዚያ 28 ሰከንድ ውስጥ አንዳንድ ሜኑ አይከፈትም፣ ሹተሩም እምቢ ሊል ይችላል። ካሜራው ግን ሥራ ላይ ነው፤ ሚሞሪው ላይ እየጻፈ መሆኑን የምታሳየው ቀይ መብራት በርታለች። እሷ እያለች ባትሪ መንቀል ፎቶ ማበላሸት ነው፣ አንዳንዴም የሚሞሪውን የፋይል ዝርዝር ጭምር። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከጠፋች ችግሩ ፍጥነት ነው። በርታ ከቀረች፣ ወይም ጭራሽ ሳትበራ ሁሉም ነገር ከደረቀ፣ ያ ሌላ ነው።

ማስታወሻዎቹ ሲጠራቀሙ ሁለት ክምር ሆኑ። አንዱ ሁልጊዜ ከ1,100ኛው ፎቶ ወዲያ ነው፣ ሌንስም ቦታም አይመርጥም፣ ቀይዋ መብራት በርታ ትቀራለች። ሌላው ገና ጠዋትም ይመጣል፣ ግን ሁሌም ደጅ፣ ሁሌም በአንድ ሌንስ፣ መብራቷም ሳትበራ። ከዚህ በኋላ አንድ በሽታ መፈለጌን ተውኩ።

የመጀመሪያው ሚሞሪው ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ይላል፤ ካሜራውም ኮምፒውተሩም 128 ብለው ያነቡታል። የሚያነቡት ግን ሚሞሪው ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ የምትነግራቸውን ነው፣ አስመሳዮቹም የሚነካኩት እሷን ነው። ባዶ አድርጌ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈተሽኩት። ፕሮግራሙ ሚሞሪውን በሚያውቀው ዳታ ጠቅ አድርጎ ይሞላና መልሶ እያነበበ ያመሳክራል፤ ማክ ወይም ሊኑክስ ያላችሁ ኤፍ-ስሪ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ጊዜ ይወስዳል፤ በሰከንድ 20 ሜጋባይት 128 ጊጋ ለመሙላት ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ካልሄደባችሁ ማታ ለኩሳችሁት ተኙ። ውጤቱ፦ ትክክለኛው ማከማቻ 32 ጊጋ። 32 ጊጋን ለ28 ሜጋ ስታካፍሉት 1,100 እና ትንሽ ይመጣል። ቤት ውስጥ ሠላሳና አርባ ፎቶ አንስቼ «ደህና ነው» የምለው ለዚህ ነበር።

እንዲህ ያለ ሚሞሪ ሲሞላ መቆሙ እንኳ ዕድል ነው። አንዳንዱ ሳይቆም ፎቶዎቹን የትም ይጥላቸዋል፤ ስማቸው ይታያል፣ ስትከፍቷቸው ግማሹ ግራጫ ነው። አሁን አዲስ ሚሞሪ፣ ከየትም ልግዛው፣ ሳይፈተሽ ቦርሳዬ አይገባም። መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ «ኦርጅናል ነው» የማይል ሻጭ አላጋጠመኝም። ፍጥነቱንም በትልቁ ከተጻፈው ቁጥር አልገዛም፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያ ፍጥነት ነው። ትንሿን ምልክት እዩ። ቪ 30 ማለት ያለማቋረጥ ቢያንስ 30 ሜጋባይት በሰከንድ ይጽፋል ማለት ነው፤ ቪ 60 ደግሞ 60። የካሜራችሁ ማስገቢያ ዩ.ኤች.ኤስ አንድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚጽፍ ውድ ሚሞሪ መክፈል ለኮምፒውተር ግልበጣ ካልሆነ አይታየኝም።

ሁለተኛው ክምር የበለጠ አደከመኝ። ደጅ ብቻ ለምን? ሙቀት መስሎኝ ነበር፤ ግን ጠዋት ብርድ ላይም ይቆማል። ማስታወሻውን መልሼ ሳየው የደጆቹ ሁሉ አፐርቸር ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 ነው (ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)፤ የአዳራሾቹ ኤፍ 2.8። ምክንያቱ ራሱ አሠራራችን ነው። በቀትር ፀሐይ የቤተ ዘመድ ፎቶ ስናነሳ ፊት እንዳይጠቁር ፍላሽ እንጨምራለን፤ ካሜራዬ ከፍላሽ ጋር የሚፈቅደው ፈጣኑ የሹተር ፍጥነት 1/200 ሰከንድ ነው፣ በአይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100 ያን ፀሐይ ለመቀነስ ኤፍ 11 መዝጋት ግድ ይላል። ሌንሱ ደግሞ በዕይታ ጊዜ ሁሌም ወለል ብሎ ተከፍቶ ይቆይና አፐርቸሩ የሚዘጋው ሹተሩ በተጫነባት ቅጽበት ነው። በኤፍ 2.8 ስታነሱ ቀዳዳውን የሚዘጉት ምላጮች የሚንቀሳቀሱበት ምክንያት የለም፤ ስለዚህ ቢበላሹም አታውቁም።

ሙከራው ቀላል ነው። ኤፍ 11 አድርጉና የጥልቀት ማያዋን፣ ማለትም ሌንሱ ሥር ያለችውን ቁልፍ፣ ተጫኑ። የእኔ ዙሙ 24 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ይዘጋል፤ ወደ 50 ሲጠጋ ካሜራው እዚያው ይደርቃል። በሌላ ሌንስ ምንም የለም። አፐርቸሩን የሚያዘው ፍሌክስ (ስስ ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ሪባን) ከዙሙ ጋር አብሮ ይታጠፋል፣ በዓመታት ብዛት ደግሞ ይሰነጠቃል። ሌንሱን የከፈተልኝ ሌላ ጠጋኝ ስንጥቁን በማጉያ መነጽር አሳይቶኛል።

ከዚህ በፊት የሌንሱንና የካሜራውን የወርቅ ንክኪዎች በንጹህ አልኮልና ፀጉር በማይተው ጨርቅ ጠርጌ ነበር። ይህን መጀመሪያ ሞክሩት፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በላጲስ ፈግፍጉት የሚለውን ምክር ግን አልወደውም፤ ብናኙ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ የወርቅ ቅቡንም ይልጠዋል።

ባትሪ? ኦርጅናል ባልሆነ ባትሪ የሚቆም ካሜራ አለ፤ የእኔን በሁለቱም ሞከርኩት፣ ለውጥ የለም። ፈርምዌሩንም (የካሜራውን የውስጥ ሶፍትዌር) አደስኩ፤ ለዚህ ችግር ምንም አልጨመረም።

ከፋሲካ ወዲህ ባሉት ሰርጎች ካሜራው ስታክ አላደረገም። ፍሌክሱ እስኪመጣ ያንን ዙም ሌንስ ለአዳራሽ ብቻ በኤፍ 2.8 እጠቀምበታለሁ። ደጅም ቢያስፈልግ በአይኤስኦ 100 እና 1/3200 ያለ ፍላሽ ይሠራል፤ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ለቤተ ዘመድ ግን የኋላው ረድፍ ከፎከስ ይወጣል። ለእነሱ 50 ሚሊሜትሯን ሌንስ አወጣለሁ። ፍሌክሱን ራሱ የቀየረ ሰው ካለ አንድ ነገር ይንገረኝ፦ ከተገጠመ በኋላ ፎከሱ ቦታውን ሳተ ወይስ እንደነበረ ቆየ?