የ45,000 ብሩ ደብዳቤ

ሐጂ፣ ጅማ ከሚገኝ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ክትትል ጠረጴዛ ጋ የደረሱት የቤታቸው የሐራጅ ማስጠንቀቂያ በወጣ በ26ኛው ቀን ነው። ፌስታል ውስጥ ያጨቁትን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ከመሀሉ የባንኩ የራሱ ፖስታ ወጣ። ጠርዙ ላይ የቡና ጠብታ ደርቆበታል፣ ማጣበቂያው ግን አልተነካም።

«ሐጂ፣ ይኼ ለምን አልተከፈተም?»

«አይክፈቱት አሉኝ፣ ልጄ። ካልፈረሙና ካልከፈቱ ቀኑ አይቆጠርም አሉኝ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«እነሱ ናቸዋ። ብድር እናስተካክላለን የሚሉት።»

«እነሱ» ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየ ድርጅት ነው። ስሙ እዚህ አያስፈልግም፤ የሚሠራበት መንገድ ነው የሚያስፈልገው። ድሮ ጉዳይ ገዳይ ብቻውን ቦርሳ ይዞ ይዞር ነበር። አሁን ማኅተም፣ ባለ አራት ገጽ ውልና እንግዳ ተቀባይ አለው። ሥራው ግን ያው ነው።

የሐጂ ብድር ጊንጆ ላለው ቤታቸው ማሠሪያ የተወሰደ ነው። የቀረው ዋና ገንዘብ 840,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የወር ክፍያው 17,300 ብር። ገቢያቸው ከማና እና ከጎማ ወረዳ ገበሬ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና) ሰብስቦ መሸጥ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ባንኩ በየወሩ ይጠብቃል፣ ቡና ግን በየወሩ አይደርስም። ከሐምሌ ጀምሮ እጅ ያጥራል፣ እሸት የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ነው፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ ደርቆ ገንዘብ እስኪሆን ደግሞ ታኅሣሥ ይገባል። ብድሩ ሲፈቀድ የአከፋፈል ሠንጠረዡ ከወቅቱ ጋር ቢገጣጠም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ይህ የባንኩም ድክመት ነው፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። ሐጂ የሐምሌን ሳይከፍሉ ቀሩ፣ ነሐሴ ተከተለ፣ ኅዳር ሲደርስ ውዝፉ የአምስት ወር፣ 86,500 ብር ሆነ። ውዝፍ 90 ቀን ካለፈ ብድሩ የተበላሸ ከሚባለው ጎራ ይመደባል፤ ከዚያ ወዲያ ፋይሉ ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ እጅ እየወጣ ወደ ሕግ ክፍል ይንሸራተታል።

ድርጅቱ ያገኛቸው በነሐሴ ነው። በቅድሚያ 45,000 ብር ተቀበለ። ብድሩ «ሲስተካከል» ደግሞ ከቀሪው ዕዳ 5 በመቶ፣ ማለትም 42,000 ብር ሊጨመርለት ተፈራረሙ። ሁለቱ ሲደመሩ 87,000 ይመጣሉ። ከውዝፉ በ500 ብር ይበልጣል። ይህን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ በካልኩሌተር ሲያዩት ሐጂ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለው ቁጥሩን ተመለከቱ፣ ከዚያ «እንደገና ደምረው እስቲ» አሉ።

ያለመክፈቱ ምክር ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ፍርድ ቤት መጥሪያ ሲሸሽ የኖረ ሰው ያወጣው ዘዴ ነው። እዚህ ግን አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ ውሉ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ክስ ሳይመሠርት፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ማስጠንቀቂያው በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ ይላካል። ፖስታው አልጋ ሥር ቢቀመጥም ቀኑ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር፣ ይቆጠራል። «እግድ እናወጣለን» የሚለው ሁለተኛ ተስፋም እንደዚሁ ነው፤ ሽያጩ በፍርድ ቤት በኩል ስለማያልፍ ዳኛ ፊት ቆሞ ማስቆም እጅግ ከባድ ነው። ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ከጣሰ በካሣ ይጠየቃል፣ ቤቱ ግን ተሽጧል።

ቀጥሎ የተፈለገው 45,000 ብር የወጣበት ሥራ ነው። ከመዝገብ ቤት ወጣ፤ አንድ ገጽ ደብዳቤ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። የብድር ሒሳብ ቁጥር የለውም፣ ስንት ወር እንደተወዘፈ የለውም፣ የተጠየቀው ምን እንደሆነ የለውም፤ «አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን ዘንድ» ብሎ ያበቃል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ነበር የተላከው። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከየትኛው ፋይል ጋር እንደሚያያዝ መዝገብ ቤቱ አያውቅም፣ ስለዚህ ገቢ ተመዝግቦ ከጠቅላላ ደብዳቤዎች ጋር ተቀመጠ። ሁለት ወር ከሳምንት እዚያው ነበር። ድርጅቱ ሐሰት አልተናገረም፣ «አስገብተናል» ያለው እውነት ነው፤ የገቢ ማኅተም ያለበትን ኮፒም ለሐጂ አሳይቷል። ማኅተሙ ግን መድረሱን እንጂ መታየቱን አያሳይም።

አራት ቀን ቀርቷል። የብድር ማሸጋሸግ፣ ማለትም የመክፈያ ጊዜውን እንደገና የማስተካከል፣ ጥያቄ የሚጀመረው ከቅርንጫፉ ነው፣ አስተያየቱን ጽፎ ወደ ላይ የሚያሳልፈው ቅርንጫፉ ስለሆነ። ማመልከቻው ላይ የብድር ሒሳብ ቁጥሩ፣ የውዝፉ ልክ፣ የዘገየበት ምክንያት፣ ገንዘቡ ከየት መቼ እንደሚመጣ፣ በመጨረሻም የሚጠየቀው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ሐጂ ዘንድ ያለው ጠንካራ ማስረጃ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ነበር። የመጋዘኑ ፎቶ፣ ከገበሬው የገዙበት ደረሰኝ፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት የታኅሣሥና የጥር የሒሳብ እንቅስቃሴ ተያያዘ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የቤቱ የእሳት ኢንሹራንስ እድሳትም ተጨመሩ። ኢንሹራንሱ በጥቅምት አልቆ ነበር፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ወረቀት ነው፣ ሲጎድል ፋይሉን ወደ ቅርንጫፍ የሚያስመልሰውም እሱ ነው። የባለቤታቸው ፊርማም ያስፈልጋል፣ ብድሩን አብረው ፈርመዋልና። እሳቸው ቆጪ ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ስለነበሩ በባጃጅ ተጠርተው መጡ።

ከወረቀቱ ይልቅ የከበደው ገንዘቡ ነው። ውዝፍ ወለድ ሳይከፈል ማሸጋሸግ እንዲሁ አይፈቀድም። የአምስት ወሩ ወለድ 56,000 ብር፣ መቀጫው ደግሞ 650 ብር ገደማ። ሰው ሁሉ የሚፈራው መቀጫውን ነው፣ የሚያስጨንቀው ግን ወለዱ ነው። ሐጂ እጅ ላይ 12,000 ብር አለ። ለድርጅቱ የሰጡት 45,000 ቢኖር 57,000 ይሞላ ነበር፣ ወለዱን ከነመቀጫው ከፍለው 350 ብር ይተርፋቸው ነበር። የጎደለውን 44,650 ሂርማታ ሰፈር ያለ የዕቁብ ጓደኛቸውን ዕጣ በቅናሽ ገዝተው አመጡ። በ29ኛው ቀን ጠዋት ከፈሉ፣ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻው ከቅርንጫፉ ድጋፍ ጋር ወጣ። ሐራጁ ለጊዜው እንዲቆም ተወሰነ። በኋላ የተፈቀደው ሠንጠረዥ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ወለድ ብቻ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ከፍ ያለ ዋና ገንዘብ እንዲከፈል ያደርጋል።

ማመልከቻው ገቢ ሲደረግ «ለዚህ ስንት ይከፈላል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ምንም እንደማይከፈል ሲነገራቸው ሁለት ጊዜ አረጋገጡ።

የድርጅቱ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ባንኩንም አይመለከተውም። ሐጂ ግን ውሉን ይዘው ስለመጡ ተነበበ። ሁለት ነገር ጎልቶ ታየ። አንደኛው ከውሉ ጋር ለድርጅቱ በሰጡት የውክልና ወረቀት ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ሐረግ መኖሩ ነው። ባንክ ለማነጋገር የሚሰጥ ውክልና ውስጥ ይህ ምን ሊሠራ ገባ? ካርታው ባንኩ ዘንድ ተይዞ ዛሬ ሊሸጥ ባይችልም፣ ዕዳው ባለቀ ማግስት ያ ወረቀት ሕያው ነው። ፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና የሚጠይቀው (ቁጥር 2205) ለዚህ ነበር፣ እዚህ ግን ሥልጣኑ ልዩ መሆኑ ሳይታይ ዝም ተብሎ ተጽፏል። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል (ቁጥር 2226)። ሐጂ በተመዘገበበት ቢሮ ሽረው፣ የሻሩበትን ወረቀት አንድ ቅጂ ለድርጅቱ፣ አንድ ለባንኩ አስገቡ። ለድርጅቱ የሰጡትን ተቀባዩ እንዲፈርምበት አደረጉ። ድርጅቱ ደግሞ በበኩሉ «አንፈርምም» አለ፤ ምክሩን ለራሱም ይጠቀምበታል ማለት ነው። በሁለት ምስክር ፊት ተሰጠ።

ሁለተኛው ነገር ክፍያው ነው። ውሉ «ለተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም» ይላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ነገር ግን የወኪል ክፍያ ከሠራው ሥራ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ፍርድ ቤት የመቀነስ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ክርክሩ የሚቆመው «የተሰጠ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሐጂ በእጃቸው ያለውን ማስረጃ በተራ ደረደሩት፤ ገንዘቡ የተላለፈበት የባንክ ደረሰኝ (እግዚአብሔር ይመስገን በጥሬው አልሰጡም)፣ ውሉ፣ የአንድ ገጽ ደብዳቤው ኮፒ፣ «አይክፈቱት» የሚለው ቴሌግራም ላይ የተላከ የድምፅ መልእክት፣ በመጨረሻም ሳይከፈት የቀረው ፖስታ። ፖስታው እንዳይከፈት ተባለ። አሁን ከነማጣበቂያው ማስረጃ ነው።

የ45,000 ብሩን ዝርዝር በጽሑፍ ሲጠየቅ ድርጅቱ «ማማከር፣ ትራንስፖርት፣ የጽሕፈት ወጪ» ብሎ ሦስት መስመር ሰጠ። አዲስ አበባ ለመሄጃ የተባለው ትራንስፖርት 11,000 ብር ተይዞለታል። ደብዳቤው ግን በፖስታ ቤት እንደተላከ ከጀርባው ያለው ቴምብር ይናገራል። ይህ ከተጠቀሰላቸው በኋላ 20,000 ብር መለሱ። 25,000ው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው ያለው።