ዲግሪውን የት ልማር?

ጤና ጣቢያችን ውስጥ ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ዲግሪ ነው። በዲፕሎማ የገባን ነርሶች ውለን አድረን ማሻሻላችን አይቀርም። ደረጃ 4 ጨርሰሽ፣ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲን፣ አልፈሽ፣ ሥራ ከያዝሽ በኋላ ሰው የሚጠይቅሽ "የት ልትማሪ አሰብሽ?" ብሎ ነው። እኔም ዘንድሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ።

ያለኝ ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ የግል ኮሌጅ፣ ቅዳሜና እሁድ። ደመወዜ አይቋረጥም፤ ከሱ ላይ እየቆነጠርኩ እከፍላለሁ። ሌላው መንግሥት ልኮኝ፣ ውል ፈርሜ፣ ደብረ ብርሃን ገብቼ መደበኛ መማር ነው። ለዚህ ደግሞ የወረዳው ኮታ መምጣት አለበት። ቢመጣም ውድድር አለ። የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም፣ ሌላም ሌላም።

እናቴ "ሐኪም ነሽ እኮ፣ ደግሞ ምን ቀረሽ?" ትለኛለች። ለእሷ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። አባቴ ግን ፋታ አይሰጥም፤ "ወረቀቱን ቶሎ ያዢው" ነው የሚለኝ። የሥራ ባልደረቦቼም ከእሱ ጋር ናቸው። "አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ! ዲግሪ ዲግሪ ነው። ደመወዝ ሲጨመር ኮሌጅሽን ማን ያየዋል?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ማንም አያየውም።

ባለፈው ጊዜ ለማጣራት ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ እንደልማዱ መንገዱን ውጦታል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳበሰ አለፈ። መጀመሪያ አንድ የግል ኮሌጅ ገባሁ። ሬጅስትራሯ ፈገግተኛ ልጅ ናት። ክፍያውን፣ ዩኒፎርሙን፣ የምርቃቱን ነገር ሳይቀር በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

"ለተግባር ልምምድ የት ነው የምትልኩን?" አልኳት።

"እሱ ችግር የለውም።"

"ማለት፣ የትኛው ሆስፒታል?"

"እናንተ እኮ ሥራ ላይ ናችሁ፣ እዚያው ታሟሉታላችሁ።"

እዚያው! እኛ ጋ የሚመጣው ተቅማጥ፣ ሳል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የስኳርና የግፊት ክትትል ነው። ከበድ ያለውን ሪፈር ጽፈን እንልካለን። አምቡላንስ ላይ አሳፍረን የሸኘነው በሽተኛ ሆስፒታል ሲደርስ ምን እንደሚደረግለት አላውቅም። እኔ ዲግሪ የምፈልገው ይህንን ለማወቅ ነው። እዚያው ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ ከየት አመጣዋለሁ?

በዲፕሎማ ጊዜ ልምምድ የወጣሁበት የሕፃናት ክፍል ትዝ ይለኛል። አንድ ሕፃን በተቅማጥ ፈሳሹ አልቆ መጣ። እግሩ በረዶ ነው። ደም ሥር ብትፈልጊ የለም። ቢጫዋን ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የምትገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ክፍሉን የሚመሩት ሲስተር አልተቆጡም። "አስቀምጪው" አሉኝና የሕፃኑን እግር በሁለት መዳፋቸው መሃል ይዘው ማሞቅ ጀመሩ። እናትየዋን "አንቺ ደረትሽ ላይ አስጠጊው" አሏት። ትንሽ ቆይቶ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሰማያዊ ክር የመሰለች ነገር ታየች። "በይ አሁን። ጋደም አድርገሽ ግቢ፣ አትቸኩዪ።" ካኑላዋ ውስጥ ደም ብቅ ሲል እኔ ነኝ ትንፋሼን የለቀቅኩት። ደጋ ላይ ለሚሠራ ነርስ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሞጁል ላይ ግን አላገኘሁትም።

ከኮሌጁ ወጥቼ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አነጋገርኩ። የጤና ካምፓሱ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው ነው። እነሱ ዋርድ፣ ማለትም በሽተኞች የተኙበት ክፍል፣ ይወጣሉ፤ ዲውቲ፣ ተረኛ ሆነው፣ ያድራሉ። ብርዱስ ስላቸው "ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ መጥተሽ!" ብለው ሳቁብኝ። የመንግሥት ስለሆነ ብቻ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ አልጋ በተማሪ ከተከበበ የትም ይሁን የት ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። ስለዚህ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዞ ዋርድ እንደሚገባም ጠይቄያለሁ።

አባቴ እንደሚያስበው ወረቀቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። የግል የመንግሥት አይልም፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ከዚያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቃል። አሁን ለየኮሌጁ እየደወልኩ "ካስፈተናችኋቸው ስንቱ አለፈ?" እላለሁ። አንዳንዱ ቁጥር ይነግረኛል፣ አንዳንዱ ኔትወርክ ይቋረጥበታል። እውቅናውንም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ያስፈልጋል። ኮሌጁ እውቅና አለው ማለት ነርሲንጉ፣ ያውም በዚያ ካምፓስ፣ እውቅና አለው ማለት አይደለም።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅም ነርስ ናት። እነሱ ጋ የሁለት ዓመቱን አሶሼት ዲግሪም ተማሪ የአራት ዓመቱን ባችለር፣ የምትቀመጪው ለአንድ ፈተና ነው፤ ኤንክሌክስ ይሉታል። እሷ በሁለት ዓመቱ ገብታ፣ ሥራ ይዛ ባችለሩን ቀጠለች። "የኮርሱንና የተግባር ሰዓቱን ወረቀት እንዳትጥዪ" ትለኛለች። "እዚህ ስትመጪ በየክፍሉ ስንት ሰዓት እንደሠራሽ ትጠየቂያለሽ።" ማን ይመጣል አለሽ ስላት ሳቀች።

ለኮታው ልወዳደር ወስኛለሁ። ካልደረሰኝ ቅዳሜና እሁዱን እገባለሁ። ግን የልምምድ ሆስፒታሉን ስም በጽሑፍ ለሚሰጠኝ ኮሌጅ ነው ገንዘቤን የምከፍለው፣ ራቅ ቢልም። የሰው ሀብቱ ጋሼ የሥራ ልምዴን ሰኞ ጽፈው እንደሚሰጡኝ ነግረውኛል። አባቴ ገና አልሰማም።