ኮፒ ስለሆነ ብቻ አይጣልም

በንግድ ክርክር አንዱ ወገን የሂሳብ መዝገብ ኮፒ ሲያቀርብ የሌላው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ኮፒ ነው፣ ዋናውን ያምጣ!» ይሄን ሰምተው፣ እውነቱ በእጃቸው እያለ ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ዋናው ካለማ ይቅረብ፣ ማን ጠላ። ከሌለ ግን ነገሩ አበቃለት ማለት አይደለም።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ መጀመሪያ ክርክራችሁ የሚታይበትን አገር ሕግ እዩ። የአሜሪካ ፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 1003 ኮፒን እንደ ዋናው ይቀበላል፤ የማይቀበለው የዋናው እውነተኛነት የምር ሲያጠራጥር ወይም ኮፒውን መቀበል ፍትሐዊ ሳይሆን ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ማስረጃ ሕግ ደግሞ የኮፒ ኮፒ ቢሆንም ግድ የለውም፤ ብቻ ትክክለኛነቱ ፍርድ ቤቱ በሚቀበለው መንገድ ይረጋገጥ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መዝገብማ በአሜሪካው ደንብ ውስጡ ያለውን በትክክል እስካሳየ ድረስ ፕሪንቱ ራሱ ዋና ነው።

እኔ የምለው፣ ትልቁ ክርክር ያለው ሌላ ቦታ ነው። መዝገብ የሰው ቃል ነው፤ የጻፈው ሰው ግን ችሎት ቀርቦ በመስቀለኛ ጥያቄ አልተፈተነም። ታዲያ ለምን ይታመናል? የዕቃ ቤት ሠራተኛ የገባውን ዕቃ በገባበት ቀን ሲመዘግብ ስለ ክስ አያስብም። ድርጅቱም ያንኑ መዝገብ ይዞ ነው የሚከፍለው፣ ዕቃ የሚያዘው፣ ግብር የሚያሳውቀው፤ ቢሳሳት ቀድሞ የሚጎዳው ራሱ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው መዝገቡ በጊዜው፣ ነገሩን በሚያውቅ ሰው ወይም እሱ በሰጠው መረጃ፣ እንደ ዘወትር ሥራ መጻፉ ነው።

ይሄ በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሰነው የፓልመርና ሆፍማን ጉዳይ ነው። ባቡር አደጋ ያደርሳል፣ ነጂው ከአደጋው በኋላ ቃሉን ይሰጣል፣ ከዚያ ክርክሩ ሳይሰማ ይሞታል። የባቡሩ ወገን ያንን ቃል እንደ ሥራ መዝገብ ሊያቀርብ ፈለገ፤ ፍርድ ቤቱ እምቢ አለ። የድርጅቱ ሥራ ባቡር ማስኬድ ነው፤ ያ ወረቀት ግን በዋናነት የሚጠቅመው ለክርክር ነበር። ለእኔ ልክ ነው። ክስ ሲሸት የተጻፈ ወረቀት ዋናው ከነማህተሙ ቢቀርብም በየቀኑ ከሚሞላ መዝገብ ኮፒ አይበልጥብኝም።

ኮፒ የምታቀርቡ ከሆነ መዝገቡን የሚይዘውን ሰው ቀድማችሁ አነጋግሩ። እሱ ራሱ ጸሐፊው መሆን የለበትም፤ መዝገቡ እንዴት እንደሚሞላና እንደሚቀመጥ ማስረዳት ከቻለ ይበቃል። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአካል ሳይቀርብ በጽሑፍ ማረጋገጥም ይችላል፤ ለተቃራኒው ወገን ግን ቀድሞ መነገር አለበት። የሚመቻችሁን ገጽ ብቻ ቆርጣችሁ አትውሰዱ፣ ከፊትና ከኋላ ያለውንም ጨምሩ። የምትቃወሙ ከሆነም «ኮፒ ነው» ብላችሁ አትቁሙ። ማን ሞላው? መቼ? በኋላ የተነካ ቁጥር አለ? ብላችሁ ጠይቁ።